ለቀኝ እጄ የሚሆን ኪቦርድ

ቀኝ እጄ መደንዘዝ የጀመረው ገና ካዛንቺስ እያለን ነው። ጠዋት ስነሳ አውራ ጣቴና ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ጣቶች የእኔ አይመስሉኝም ነበር። አራግፋቸዋለሁ፣ እቆነጥጣቸዋለሁ፣ ትንሽ ቆይተው ይመለሳሉ። ተኝቼበት ነው እያልኩ ዝም አልኩ። ሰፈሩ ፈርሶ ጽሕፈት ቤታችንን ወደ ላንቻ ካዛወርን በኋላ ግን ቀንም መደንዘዝ አመጡ። አንድ ቀን የያዝኩት የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ወጥቶ ተከሰከሰ፤ መውደቁን ያወቅሁት በድምፁ ነው። ከዚያ ወዲያ ቁጭ ብድግ ሆነ ነገሬ። አንድ ገጽ ሳልጨርስ እነሳለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እጄን እያራገፍኩ እመለሳለሁ፣ ደንበኛው ያየኛል።

እኔና ጓደኛዬ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ለሰው እንጽፋለን። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር ደብዳቤ፣ ያልጻፍነው የለም። እሷ ፎቶ ኮፒውንና ማተሚያውን ትይዛለች፤ ሥራ ሲበዛ በሁለት ጣት እየለቀመች ትጽፋለች። ዋናው መጻፍ የእኔ ነው። ደንበኛው ወንበር ስቦ አጠገቤ ይቀመጥና አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስግጎ ይናገራል፣ እኔ እየተከተልኩ እመታለሁ። ሰው ሲናደድ ይፈጥናል፤ ማለቴ፣ አከራዩን የሚከስ ሰው ትንፋሽ አይወስድም። እኔን ግን ማንም አምልጦኝ አያውቅም። በዚህ እኮራለሁ፣ ለምን እደብቃለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም፣ ወጥ ራሱ ያርርብኛል፣ ባሌ ምስክሬ ነው።

ሲብስብኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እርስዎ እያለች ብቻ ዕድሜ ጨመረችብኝ። እጄን ወዲያ ወዲህ አጠፈችው፣ አንጓዬን መታ መታ አደረገችው። «እዚህ ጋ ነርቩ ተጨንቋል» አለችኝ። «እጅዎን ማሳረፍ አለብዎት። ያ ካልሆነ ዝቅ ያለ፣ በኃይል የማይመቱት ለስላሳ ኪቦርድ ይፈልጉ። ለውጥ ከሌለው ግን መጻፉን ያቆማሉ፤ ስሜቱ ጨርሶ ከጠፋ መመለሱ ከባድ ነው።» ከዚህ ሁሉ ውስጥ ኪቦርዱን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ማሳረፍ የሚለውን በሩን ሳልወጣ ረሳሁት። መጻፍ አቁሜ ምን ልሁን? ፈራሁ፣ እውነቱ እሱ ነው።

በነጋታው ሜክሲኮ ነበርኩ። ሻጩ ጎረምሳ ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚሽከረከርበት ኪቦርድ አውጥቶ መስታወቱ ላይ አጋደመው።

«ይሄ ለጌም አሪፍ ነው፣ ማዘር።»

«ጌም የምጫወት እመስልሃለሁ?»

«ለልጆች ከሆነ ብዬ ነው።»

ለእጄ የሚመች፣ ለስላሳ ነገር አምጣ አልኩት። ሁሉም ያው ነው፣ ደስ ያለሽን ውሰጂ አለኝ። እሱ ምን ያውቃል፤ በስልኩ በአውራ ጣቱ ነው የሚጽፈው። የእኛ ፊደል ደግሞ አብዛኛው ሁለቴ ካልተመታ አይወጣም፤ አንድ ማመልከቻ እስኪያልቅ ጣት የሚያየውን እኔ አውቃለሁ። አንዱን ከፍ ያለ ነገር ቆሜ ነካ ነካ አደረግሁት፣ ጥሩ መሰለኝ፣ ይዤው ሄድኩ። ቆሞ ሲነኩት የማይጥም ኪቦርድ የለም። ቁጭ ብዬ ስጽፍበት አንጓዬ ወደ ኋላ ታጠፈ፤ ድምፁ ደግሞ ቋ ቋ እያለ ቤቱን አናጋው። የጡረታ ማመልከቻ የሚያጽፉ አንድ አባት መሀል ላይ ዝም አሉ።

«ልጄ፣ ተቆጣሽኝ እንዴ?»

«ኧረ አባቴ፣ ኪቦርዱ ነው።»

«እሺ፣ ቀስ ብዬ እናገራለሁ» አሉኝ፤ እስከ መጨረሻውም እየፈሩኝ ጨረሱ። ልመልሰው ስሄድ ልጁ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ከኋላው የተለጠፈ ወረቀት በአገጩ አሳየኝ። ደሜ ፈላ፣ ግን ምን ይባላል።

ከዚያ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር መጥፋት ሆነ ሥራዬ። ምሳዬን አልበላም፣ ኪቦርድ እነካለሁ። አንዱ ጥሩ ነው ስል ቁልፉ ጠባብ ይሆናል፣ ሌላው ሰፊ ነው ስል ድንጋይ ነው። ጓደኛዬ «ባል ስትመርጪ እንዲህ ብትጨነቂ ኖሮ» ትለኛለች። ስቄ አልፋታለሁ፤ ውስጤ ግን አይስቅም። ሌሊት ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካሁ ነበር የማድረው።

ያገኘሁት ለገሃር ነው፣ ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጥ ሰው ጋ። ቀጭን፣ ጠፍጣፋ፣ ቁልፎቹ ዝቅ ያሉ ነገር ነው። በሜክሲኮው ስለተማርኩ ወንበር ስጠኝ አልኩት። ሰውየው ግራ ገብቶት ዱካ አመጣልኝ። ቁጭ ብዬ ያን የጡረታ ማመልከቻ ከጭንቅላቴ እያወጣሁ ጻፍኩ። ኮምፒዩተሩ ላይ አማርኛ አልተጫነም፣ ስክሪኑ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆነ። ሰውየው አየና «እህት፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና ነበርኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጣቴ ቁልፍ ላይ አርፎ ሳይታገል ተነሳ። ልቤ ቅቤ ጠጣ ብል ውሸት አይሆንም። ገዝቼው ማታውኑ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ጓደኛዬ ቀድማኝ ገብታ ኪቦርዱን በወፍራም ላስቲክ ጥርቅም አድርጋ አልብሳዋለች፣ ዙሪያውንም በፕላስተር ወጥራዋለች። «አቧራ እንዳይጨርሰው» አለችኝ። አጠገባችን ሕንጻ እየተሠራ ነው፤ ጠዋት የጠረግነው ጠረጴዛ ምሳ ሰዓት ላይ በጣት ይጻፍበታል። እና ምን አልኩ? ተባረኪ አልኳት። እንዴት ሌላ እላለሁ? የቤቴ ሪሞት ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩን አላወለቀም፣ የእህቴ ሶፋ ላስቲኩ እየተንጫጫ ነው እንግዳ የሚቀበለው፣ የድሮው ኪቦርዴም ዕድሜውን በላስቲክ ውስጥ ነው የጨረሰው። ውድ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። እኛ እንዲህ ነን።

ሳምንታት አለፉ፣ እጄ ግን ወይ ፍንክች። እንዲያውም ባሰበት፤ ክንዴንም ያመኝ ጀመር። ሸሚዜን ስቆልፍ ቁልፉን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። የሐኪሟ ቀጠሮ እየቀረበ ነው፣ ልቤ ተሰቅሏል። ኪቦርዱን ረገምኩ፣ የለገሃሩን ሰውዬ ረገምኩ። አቦ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ የነካሁት ይሄ አይደለም፣ ቀይሮብኛል እስከማለት ደረስኩ።

አንድ ከሰዓት የኪራይ ውል እየጻፍኩ የግራ ትንሿ ጣቴ የሆነ ነገር ላይ ስምጥ ስትል ተሰማኝ። ቀጠልኩ። እንደገና ስምጥ አለች። ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይገፋኛል፣ እሱ ብቻ ይቀበለኛል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። በጣም የሚመታው ቁልፍ ስለሆነ ላስቲኩ እዚያ ጋ ተበልቶ ተቀዷል። ቀሪው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ስንት ገጽ ሙሉ ስደበድብ የከረምኩት ላስቲክ ነበር። ደንበኛው ቁጭ ብሎ እያየኝ ላስቲኩን በጥፍሬም በጥርሴም ቦጫጭቄ ጣልኩት። ሰውየው ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

ጓደኛዬ ከባንክ ስትመለስ ፕላስተሩ ወለሉ ላይ ነው።

«ምን ነካሽ? አቧራው በሳምንት ነው የሚጨርሰው።»

«ይጨርሰው። አንቺ የምትሳሺው ለኪቦርዱ ነው ለእጄ?»

ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ከፍታ ያልተቀረቀረ ወረቀት ስትፈልግ ቆየች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ይሄ ከተበላሸ ሌላ አታገኚም ብዬ ነው። ስትንከራተቺ አይቻለሁ» አለች። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፣ ተነስቼ ሻይ አዘዝኩላት። በነጋታው የቀለም ብሩሽ ገዝታ መጣች፤ ማታ ማታ ከመውጣታችን በፊት ቁልፎቹን ትጠርግና ነጠላዋን አጥፋ ታለብሰዋለች። ቀን ግን ራቁቱን ነው።

ያ ኪቦርድ ያለ ላስቲክ ምን እንደሆነ መናገር አልችልም። ጣቴን አሳርፋለሁ፣ ፊደሉ ይወጣል፣ በቃ። ክንዴ ላይ የነበረው ሕመም በረደ። ለደንበኛው ሁሉ ድኛለሁ እያልኩ አወራሁ። ሸሚዝ ስቆልፍ ግን አሁንም መስታወት ፊት ነበር የምቆመው፤ እሱን ለማንም አልተናገርኩም።

የቀጠሮው ቀን ጓደኛዬ ጽሕፈት ቤቱን ዘግታ አብራኝ ሄደች። ሐኪሟ እንዴት ነዎት ስትለኝ ገና ሳልቀመጥ «ተሽሎኛል» አልኩ። የኪቦርዱንም የላስቲኩንም ታሪክ ዘርግፌ ነገርኳት፤ ሳቀች። ከዚያ ጥጥ ጫፍ ላይ የተጠቀለለበት እንጨት አነሳች።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። ጣትዎን ስነካዎት ተሰማኝ ይበሉኝ።»

ጨፈንኩ።

«ተሰማኝ» አልኩ።

ትንሽ ጠበቅሁና «አሁንም ተሰማኝ» አልኩ፣ ጠንከር አድርጌ።

የጓደኛዬ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ቀስ ብላ በጆሮዬ «ገና አልነካችሽም እኮ» አለችኝ።