የቆልማማው ዱላ ባለቤት

ከበሩ ኋላ የሚቆም ቆልማማ የገና ዱላ አለኝ። የወይራ ነው፤ መዳፌ አልፍቶት እጀታው ለስልሷል። ዛሬ ጠዋት ከጮቄ ተራራ የወረደው ብርድ ቀኝ ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ እጄን ወደ እሱ ዘረጋሁ። ዱላው ግን የኔ አይደለም። ልነግርህ የፈለግኩትም ይህንኑ ነው።

ልጆች ሳለን በገና ዕለት ከሮብ ገበያ በላይ ባለው መስክ ሁለት መንደር ተከፍለን ጥንግ እንመታ ነበር። ሣሩ ውርጭ ጠጥቶ ያንሸራትታል፤ የተረገጠ ጦስኝ ይሸታል። ከእንጨት የተጠረበችውን ጥንግ እየነዳሁ ስሮጥ፣ ገና ድቁና የተቀበለ እኩያዬ ከኋላዬ ደርሶ እግሬን በዱላው ቆልማማ ጫፍ ጠለፈኝ። ሆን ብሎ ነው፤ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ጩኸቴን ሲሰማ ዱላውን ጥሎ ሸሸ።

ለማን ልክሰስ? ሽማግሌዎቹም አባቴም ቃላቸው አንድ ነበር፤ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።" ጌታ ላይቆጣ ይችላል፤ እኔ ግን ተቆጣሁ። ዱላውን ደብቄ አስቀመጥኩት።

ወጌሻው ጉልበቴን በቅቤ አሽቶ በቀርከሃ አሰረልኝና፣ "ጅማት ነው፤ እንደ አጥንት ቶሎ አይገጥምም። የሚመጣውን ገና ተወው" አለኝ። አልተውኩትም። ዓመቱን ሙሉ ያሰብኩት የዲያቆኑን ጉልበት በገዛ ዱላው ሰብሬ፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ልለው ነበር። ቀኑ ደረሰና ገባሁ። ልመታው ዞር ስል ጉልበቴ ከዳኝና እግሩ ሥር ወደቅኩ። ያ ሁለተኛው ጉዳት የራሴ ነው፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከሸበትኩ በኋላ ደብረ ማርቆስ ያየችኝ ሐኪም የራጁን ፎቶ ወደ መስኮቱ አንሥታ፣ "ያኔ የተበጠሰው ጅማት ነው አባቴ። ጉዳቱ ያለፈ ይመስላል እንጂ በአጥንቶቹ መሃል ያለውን ቅርጭጭት ቀስ እያለ ሲበላው ይኖራል" አለችኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ጉልበቴም አልረሳም ነበር።

ያ ዲያቆን ቀስሶ የአጥቢያችን ካህን ሆነ። እኩያዬን "አባ" እያልኩ መስቀል መሳለሙ ከጉልበቴ ይልቅ ያመኝ ነበር። ያለፈው ዓመት ስቅለት፣ የወይራ ቅጠል ይዞ ሕዝቡን ኃጢአቱን እየጠየቀ ስግደት ሲያዝ፣ መርጬ እሱ ፊት ተሰለፍኩ።

"ምን በደልክ?"

"ሰው ጠልቻለሁ አባ። እርስዎን።"

ቅጠሉን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና፣ "መቶ ስገድ" አለኝ።

"በየትኛው ጉልበቴ?"

ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ሳዘጋጀው ኖሬያለሁ። የተደገፍኩትን ዱላ አየ፣ ጉልበቴን አየ። ካባውን አወለቀና፣ "እኔ እሰግድልሃለሁ፤ አንተ ቁጠር" አለኝ።

ቆጠርኩ። አርባ ላይ የሱም ጉልበት ይንቋቋ ጀመር። "ይበቃል" ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። መቶውንም እየጣፈጠኝ ቆጠርኩ። መጨረሻ ላይ መነሣት ሲያቅተው ዱላውን ዘረጋሁለት፤ ቆልማማ ጫፉን ይዞ ተነሣ።

"የኔ ዱላ አይደለም?" አለኝ።

"ነው። አልመልስልዎትም።"

"አትመልስ።"

እስከ ቅጽሩ በር ድረስ እሱ በዱላው፣ እኔ በሱ ትከሻ ተደግፈን ወረድን።

ኅዳር ላይ ቀበርነው። ዘንድሮ ለስቅለት አንድ ወጣት ቄስ በቦታው ቆሞ፣ "ምን በደልክ አባቴ?" አለኝ። ዱላውን ተደግፌ አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ የምጠላው ሰው አጣሁ።