ዳኛው ድንጋይ የተሸከሙ ዕለት

የበሰለ ዘይቱን በሸተተኝ ቁጥር መርሳ ከተማ ዳር የነበረው ሰፈራችን ይመጣብኛል። በትልቅ ከተማ ስማቸው የተጠራ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ አገራቸው ተመልሰው ቤት የሚሠሩበት፣ አትክልት እየኮተኮቱ እርጅናቸውን የሚጨርሱበት ሰፈር ነበር። ድምፃቸውን አገር የሚያውቀው የሬዲዮ ዜና አንባቢ፣ ዶሮዎቻቸውን እንደ ወታደር የሚቆጡት ኮሎኔልም እዚያው አረፉ። ከሁሉም የሚከበሩት ግን ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ ነበሩ፤ ትልቅ ዳኛ ነበሩ። ዘይቱናቸው ወደ ግቢያችን ስለሚንጠለጠል እኔና ወንድሜ ክረምቱን እየሰረቅን እንበላ ነበር፤ እሳቸውም አይተው እንዳላዩ ያልፉን ነበር።

በመኸር ቤታችን ፍርሃት ገባ። አጎቴ ከዓመታት በፊት በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ በአቅራቢያችን ካለችው ከግራና ከተማ አንድ ጎረምሳ በዱላ መትቶ ገድሎ ነበርና፣ ቅጣቱን ጨርሶ ሲፈታ የሟች ወንድሞች ደማችን ገና አልደረቀም ብለው ላኩብን። አባቴ ገበያ መውጣት ተወ፣ ማሽላው ማሳ ላይ እየረገፈ ቤት ተቀመጠ፣ እናቴም ሴት አይገድሉም ብላ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድማ ትወጣ ነበር።

በኋላ አበጋሩ፣ በእኛ አገር ደም የሚያደርቁት ሽማግሌ፣ ለእርቁ የሚቀመጡ ንጹሕ ሰዎች ፈልጉ ሲሉ አባቴ እኔን አስከትሎ ጎረቤት ገባ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከተቀመጡልን ማንም እምቢ አይልም» አላቸው።

ጋሽ ተሰማ መሬት መሬቱን እያዩ «ደም ያለበት ሰው ለእርቅ አይቀመጥም» አሉ።

«የምን ደም ጋሼ?»

«የፈረድሁበት ነዋ። ጥፋት እንደሌለባቸው እያወቅሁ፣ ታዝዤ ሞት የፈረድሁባቸው ልጆች አሉ።»

አባቴ ክው አለ። ከዚያ እጄን ይዞ ወጣ።

በበጋ፣ በእርቁ ዕለት፣ አጎቴ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሟች ዘመዶች ፊት ዋርካ ሥር ተንበረከከ። ምርቃቱ ሊጀመር ሲል ጋሽ ተሰማ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከሕዝቡ መሀል ወጡ፣ እሳቸውም ድንጋይ አንስተው አንገታቸው ላይ ጫኑና «እኔም ያለ ጥፋታቸው ሞት የፈረድሁባቸው ልጆች ደም አለብኝ» ብለው ከአጎቴ ጎን በጉልበታቸው ወደቁ። «ኧረ በስመ አብ!» አለ ሰው ሁሉ። እናቴ እርቁ ፈረሰ ብላ ነጠላዋን ነከሰች።

የሟች እናት ተነሡ። የአጎቴን ድንጋይ አንስተው መሬት አስቀመጡና «ልጄን አፈሩ ይቅለለው፣ አንተንም ምሬሃለሁ» አሉት። አባቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቀጥለው የጋሽ ተሰማን ያነሳሉ ብለን ስንጠብቅ አጠገባቸው ቆም አሉና «ያንቱን እኔ አላነሳም ጌታዬ። የእነዚያ ልጆች እናቶች እዚህ የሉም» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ደነገጥን። ጋሽ ተሰማ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ተነሥተው መንገዱን ይዘው ሄዱ። ክረምት ሳይገባም አረፉ።

አባቴ ይኸው እስከ ዛሬ ግራና ገበያ በሰላም ውሎ ይገባል። ያኔ በእኒያ ሴት ጭካኔ ተቆጥቼ አምርሬ አልቅሼ ነበር። ዛሬ እኔም የወንድ ልጅ እናት ሆኜ ሳስበው ግን፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የተፈረደባቸውን ልጆች እናቶች ያስታወሱ እኒያ ሴት ብቻ ነበሩ።