በጣት የሚታሽ ዘፈን

ጀቤሳ፣ አቃቂ በሰቃ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ እህል ሲፈጭ የኖረ ሰው ነው። ዱቄት በዓይኑ አይቶ አይፈርድም፤ ከወፍጮው አፍ ቆንጠር አድርጎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያሸዋል። «አልላመም» ካለ አልላመም። የወፍጮው ጩኸት ግን ጆሮውን ቀስ በቀስ ወሰደበት። ዛሬ መብረቅ ቢወርድ አይሰማም። እኛ የምንለውን ጽፈን እናሳየዋለን፤ እሱ ሲመልስ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።

ልጁ ቢፍቱ የተዳረች ዕለት፣ ሙሽራው ከኮዬ ፈጬ አጃቢዎቹን አስከትሎ ሲደርስ አባትየው ከድንኳኑ ጠፋ። ሚስቱ መሰለች ወደ እኔ፣ ወደ ጎረቤታቸው መጣች።

«ጋሽ ደርዊሽ፣ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦልዎታል። ልጄ ደግሞ የአባቴን ጉልበት ሳልስም አልሄድም ብላለች። እባክዎ እርስዎ ያምጡልኝ።»

ስገባ ጆንያ ላይ ተቀምጧል።

«አልወጣም!» አለ ገና ሲያየኝ። «ሰው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ እያየሁ፣ በልጄ ሰርግ እንደ ግንድ ልገተር?»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ብስክሪብቶ ግን ከኪሴ አይጠፋም። «ዘፈኑ በጣም ይጥማል» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት።

«ወጥ ነው እንዴ?»

«ልብ ይማርካል» ብዬ ጨመርኩ።

«ይኼንማ ለማያውቅህ ጻፍለት!»

እውነቱን ነው። ማንም ስለ ማንኛውም ዘፈን የሚለው ነው። በሩ ላይ ቆሜ ደህና አድርጌ አዳመጥኩና እንደገና ጻፍኩ፦ «ከበሮው የባቄላ ክክ ነው፤ እየተፈናጠረ ይወርዳል። የልጃገረዶቹ ድምፅ ደግሞ ጤፍ ነው፤ ሁለቴ የተፈጨ፣ ጨበጥኩት ስትል በጣትህ መሀል የሚያመልጥ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ሁለት ጣቶቹ ሳያውቀው መተሻሸት ጀመሩ።

«መሰለችም እየዘፈነች ነው?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«የሷማ እርጥብ በቆሎ ነው! ወንፊት አያልፍም!»

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። «ቆይ አንተን!» ስትል ሰማኋት። «ሰምታሃለች» ብዬ ጻፍኩለት።

«ወይ ጉዴ!» ብሎ ተነሣ። ልብሱን አራግፎ፣ እየሳቀ ቀድሞኝ ወጣ።

ቢፍቱ ጉልበቱ ላይ ስትደፋ አንሥቶ አቀፋት፤ ከዚያ በማይሰማው ምት ትከሻውን ይነቀንቅ ጀመር።

«ደርዊሽ፣ ምን ሆነሃል? ጻፍ እንጂ! አሁንስ ምን ላይ ደረሰ?»

በየትኛው እጄ ልጻፍ? ሁለቱም እጆቼ እያጨበጨቡ ነበር።