እትዬ ዘሃራ እና የሠላሳ ስድስት ቁጥሩ ሹፌር

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ጀግና የለበትም። ያለበት ጭስ፣ ጩኸትና የአንዲት ጎረቤታችን ምሬት ነው፤ እኔም ራሴ በታሪኩ ውስጥ የማልኮራበትን ነገር አድርጌያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ከክፍል ወጥቼ ሃቫና ስትሪት ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አንድ ጎረምሳ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆንለት መኪናውን አስጩሆ፣ ጎማውን አስፋልቱ ላይ አቃጥሎ ሄደ። ሽታው ፌርማታው ላይ ቀረ። አጠገቤ የቆሙት ሴትዮ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ አፌ ውስጥ የሳምቡሳ ጣዕም መጣብኝ። የተቃጠለ ጎማና ሳምቡሳ አንድ ላይ የሚታወሱት ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

እትዬ ዘሃራ አውሮራ ከተማ ውስጥ በነበርንበት አፓርትመንት ከእኛ በታች ይኖሩ ነበር። የመርካቶ ሰው ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለተማሪዎች ምሳ ያቀርባሉ። ቅዳሜና እሑድ እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ሥራ ስትገባ፣ አባቴም ታክሲውን ይዞ ኤርፖርት ሲውል፣ እኔን የሚጠብቁኝ እሳቸው ነበሩ። የክፍል ጓደኞቼን የሚጠብቁ ሴቶች ካርቱን ይከፍቱላቸው ነበር። እትዬ ዘሃራ የሚከፍቱት የስቶክ ካር ውድድር ነው፤ መንገድ ላይ የምናያቸውን መኪኖች የሚመስሉ፣ ውስጣቸው ግን በብረት ቱቦ የታጠረ መኪኖች ክብ መንገድ እየዞሩ የሚሽቀዳደሙበት።

ውድድሩን ይወዱ ነበር ስል ደስ እያላቸው ያዩት ነበር ማለቴ አይደለም። የሚወደውን ነገር እንደ እሳቸው የሚጸየፍ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። አደጋ ደርሶ ቢጫ ባንዲራ ወጥቶ መኪኖቹ ሁሉ ዝግ ሲሉ፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ጭናቸውን ይመታሉ። “ይኸው! ሰውየው ለፍቶ ለፍቶ ቀደመ፤ አሁን የተኙትን ሁሉ ሰብስበው ኋላው ሊያሰልፉለት ነው። ይሄ ፍርድ ነው?” ሹፌሮቹ ነዳጅ ለመቆጠብ ቀስ ብለው ሲነዱ ደግሞ፣ “ነዳጅ የሚያሳስበው ሰው ቤቱ አይቀመጥም? ኤጭ!” ብለው ሪሞቱን ይወረውሩታል። ከደቂቃ በኋላ እኔ ከሶፋው ሥር ጎንበስ ብዬ አወጣላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ድምፁን ይጨምሩታል።

ነገሩ የመጣው ከባላቸው ነው። አቶ ሰይድ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከአሰብ ዕቃ የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። እትዬ ዘሃራ ሙሽራ ሳሉ ጋቢና ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጠው ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርደዋል። በዚያ መንገድ ከኋላ ያለው ሹፌር ለማለፍ በመብራት ይጠይቃል፤ ከፊት ያለው መንገዱ ባዶ መሆኑን ሲያይ ፍሬቻ ያሳየዋል፤ ያለፈው ደግሞ ጥሩምባ ነክቶ ያመሰግናል። ማንም ማንንም አይገፋም። ገደል ነው። እትዬ ዘሃራ ሰውን ሁሉ የሚመዝኑት በዚህ ነበር፤ የሱፐርማርኬት ወረፋ ላይ እንኳ።

በበጋ ቅዳሜዎች ከከተማው በስተሰሜን ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ የውድድር ሜዳ በአሮጌ ኮሮላቸው እንሄዳለን። መንዳት የተማሩት በአርባ ስምንት ዓመታቸው፣ ሎውሪ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በሚገኙት ሰፋፊ መንገዶች ላይ ነው። ከመስመራቸው ንቅንቅ አይሉም። እኔ ያንን ሜዳ እጠላው ነበር። ወንበሩ ቢራ ፈሶበት ይጣበቃል። ሽንት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሰልፍ ከሽታው ጋር ነው። መኪኖቹ ሲዞሩ ድምፁ ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ እትዬ ዘሃራ አባቴ የሰጣቸውን የግንባታ ሠራተኛ የጆሮ መከላከያ በሻሻቸው ላይ ያጠልቃሉ። ከጎማው እየተፈለቀቀ የሚበር ጥቁር ፍርፋሪ ፀጉራችን ላይና በፎይል የተጠቀለለው ሳምቡሳችን ላይ ይዘንባል። የመጀመሪያ ቀን ጥቁር አዝሙድ መስሎኝ በላሁት።

“ትፊው! ትፊው አንቺ ልጅ፣ የሰው ጎማ ነው!”

አንድ ጊዜ ከኋላችን የተቀመጠ ሰውዬ ቢራውን ነጠላቸው ላይ ደፋባቸው። ሰውየው ሳቀ። እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አውልቀው በፌስታል ቋጠሩትና፣ “ማሂ፣ ይሄ ሰው ቤት ውስጥ ውሻ አለው ብለሽ ነው? ካለው ለውሻው አዘንኩለት” አሉኝ። ከሁሉ የሚያንገፈግፋቸው ግን መኪና ሲጋጭ ሕዝቡ ብድግ ማለቱ ነበር። ሌላ ጊዜ ስልኩን የሚነካካው፣ ሆትዶግ የሚበላው ሁሉ ግጭት ሲሆን ይነሳል፣ ያጨበጭባል። በዚያን ጊዜ እትዬ ዘሃራ ይቀመጣሉ። የሚነሱት አንዱ ሌላውን ሳይነካ ሲያልፍ ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እሳቸውና እኔ ሌላው ሲቀመጥ የምንነሳ፣ ሌላው ሲነሳ የምንቀመጥ ነበርን፤ እኔ በጣም አፍር ነበር።

ታዲያ ለምን ይሄዳሉ? ስለ ሠላሳ ስድስት ቁጥር ነዋ። ዱዌይን ይባላል። በሳምንቱ ቀናት የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜ ሰማያዊ መኪናውን ይነዳል። ማንንም አይነካም። ክፍተት እስኪያገኝ ድረስ ሃያ ዙር ከኋላ ይጠብቃል፤ ሲያልፍ ደግሞ በመስኮቱ መረብ በኩል እጁን ያነሳል። እትዬ ዘሃራ ይህን እጅ ያዩ ቀን ዓይናቸው እንባ ሞላ። “አየሽ? አመሰገነ! ልክ እንደ ሰይድ!” አሉ። ውድድሩ ሲያልቅ አጥሩ ይከፈታል፤ ተመልካቹም መኪኖቹ ወደቆሙበት ወርዶ ሹፌሮቹን ያነጋግራል። እትዬ ዘሃራ ዱዌይን ጋ ሄደው ሳምቡሳ ይሰጡታል፤ እኔ እተረጉማለሁ።

አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ፤ በሁሉም ነገር። የሐኪም ቤት ቀጠሮ፣ የአፓርትመንቱ ቢሮ፣ ደብዳቤ። እኔ ደግሞ ሰው ደስ ሲለው ማየት እወድ ስለነበር፣ የሚነገረውን ሁሉ ትንሽ አለስልሼ አቀርበው ነበር። የቢሮዋ ሴት “ለዚህ ጊዜ የለኝም በያት” ስትል፣ እኔ “ነገ አየዋለሁ ትላለች” እላለሁ። እትዬ ዘሃራ፣ “ጨዋ ሴት ናት፣ አላህ ይባርካት” ይላሉ። ማንም የተጎዳ አይመስለኝም ነበር። አሥር ዓመቴ ነው።

ያን የሰኔ ቅዳሜ ሙቀቱ ያንገበግብ ነበር። ኬሊ የምትባል በዚያ ዓመት መወዳደር የጀመረች ወጣት ዘጠኝ ቁጥርን ይዛ እስከ መጨረሻው ዙር ስትመራ ቆየች። ዱዌይን ከኋላዋ ነበር። እትዬ ዘሃራ ቆመው፣ “ጠይቃት! ጠይቃት እንጂ!” እያሉ ይጮኻሉ፤ መኪኖቹ መብራት እንኳ የላቸውም። በመጨረሻው ጥምዝ ላይ ክፍተት አልነበረም። ዱዌይን አልጠበቀም። የመኪናዋን ቂጥ በአፍንጫው ገፋው። ዘጠኝ ቁጥር ዞረችና በጀርባዋ ግድግዳውን መታች። ሰማያዊው መኪና አለፈ፣ አሸነፈ። ሕዝቡ ብድግ አለ። ጭሱ እኛ ጋ ሲደርስ ሳል ያዘኝ። እትዬ ዘሃራ ቁጭ አሉ።

“በስህተት ነው” አሉ ለራሳቸው። “እሱ አያደርገውም። ነይ፣ እንጠይቀው።”

ስንወርድ ዱዌይን ዋንጫውን ይዞ ከሰዎች ጋር ይስቃል። “ሆን ብለህ ነው ወይ በይው” አሉኝ። ጠየቅኩት። እሱም ፈገግ ብሎ፣ “አውቄ ነው እንጂ! ሕዝቡ የሚከፍለው ለዚህ ነው። ካልተመቻት ቤቷ ተቀምጣ ሹራብ ትሥራ በያት” አለ በአገጩ ወደ እትዬ ዘሃራ እያመለከተ። ዙሪያው ያሉት ሳቁ።

የእትዬ ዘሃራን ፊት አየሁ። ዓይናቸው አፌ ላይ ነው።

“በስህተት ነው ይላል” አልኩ። “በጣም አዝኛለሁ ይላል።”

ትከሻቸው ወረደ። “አላልኩሽም? እኔ እኮ አውቀዋለሁ!” ብለው ክንዱን መታ መታ አደረጉት። እሱም ግራ ገብቶት ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በዚያ ቢያልቅ ኖሮ ምናልባት ዛሬም እንደ ደግነት እቆጥረው ነበር። እትዬ ዘሃራ ግን የቀረውን ሳምቡሳ ይዘው በቀጥታ ወደ ኬሊ ሄዱ። ልጅቷ ጎማ ላይ ተቀምጣ የእጅ አንጓዋ ላይ በረዶ አድርጋለች፤ አባቷ አጠገቧ የተጨማደደውን መኪና ያያል።

“ለሷም ንገሪያት። ሆን ብሎ አይደለም፣ አዝኗል በያት። ቂም እንዳትይዝ።”

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተናገርኩ። የልጅቷ አባት ቀና አለ። ዱዌይን በድምፅ ማጉያው፣ ሁሉ እየሰማ፣ ነገም እደግመዋለሁ እንዳለ ነገረኝ። ከዚያ ወደ እትዬ ዘሃራ ዞሮ ሁለት ጡጫውን ጨበጠ፤ አንዱን ከሌላው ኋላ አስከትሎ አላተማቸው፤ ቀጥሎ የዱዌይንን ፈገግታ ፊቱ ላይ አሳየ። ይህ ትርጉም አያስፈልገውም ነበር።

እትዬ ዘሃራ እኔን አዩኝ። “ማሂ፣ ሰውየው ምን ነበር ያለሽ?”

እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሹራቡንም ጭምር። አልጮሁብኝም። መኪናው ውስጥ ገብተን ቀበቶ ካሰርን በኋላ ብቻ፣ “እሱ እሷን ከኋላዋ ገፋት። አንቺ ደግሞ እኔን” አሉ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ለስኳር ሕመማቸው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። እንደ ወትሮው ይዘውኝ ሄዱ። ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ግን ስልኩን በጣታቸው አሳይተው፣ “አማርኛ፣ ፕሊስ” አሉ። ነርሷ የስልክ አስተርጓሚ አገናኘቻቸው፤ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ሰው። “ልጅቷ ቦርሳዬን ትያዝልኝ” አሉ። ቦርሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሰውየው ሲናገር እኔ ሁሉም ይገባኝ ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም። በዚያው በጋ ሎውሪ ውስጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ጀመሩ። ደብተራቸውን ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ያጠናሉ። ልርዳዎት ስላቸው፣ “ተይው፣ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ” ይሉኛል።

መስከረም ላይ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ቀን ወደ ሜዳው ይዘውኝ ሄዱ። ውድድሩን ጨርሶ አላዩትም፤ አጥሩ እስኪከፈት ጠበቁ። ዱዌይን ፊት ቆመው፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድ አንድ ቃል እያስቀመጡ፣ “አንተ ልጅቷ መታህ። አንተ ሹፌር አይደለም” አሉት።

በደንብ ገብቶታል። ግን ወደ እኔ ዞረ። “ምንድን ነው የምትለው?”

“ልጅቷን መታሃት፤ ሹፌር አይደለህም ነው የምትለው” አልኩት።

“አሮጊቷን ወደ መጣችበት አገር ውሰጃት” አለና ጀርባውን ሰጠ።

እትዬ ዘሃራ ጠበቁኝ። ያን ቃል ለመናገር አፌ እንዴት እንደከበደ አሁንም አስታውሳለሁ። እንዳለው አድርጌ ነገርኳቸው፤ አሮጊት ያለውንም። ራሳቸውን ነቀነቁ። መሬቱ ላይ ጥቁር ዘይት ያለበትን ቦታ ተጠንቅቀው አልፈው፣ “እንዲህ ነው። አሁን ሰማሁት” አሉ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ነርሷ ስልኩን ስታነሳ እጃቸውን ስልኩ ላይ አሳረፉ። “እሷ ትናገር” አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን የቆየው ዶክተሩ የዓይናቸውን ፎቶ እስኪያሳየን ነበር። ስኳሩ ዓይናቸውን ጎድቶታል፤ የተጎዳው አይመለስም፤ ከዛሬ ጀምሮ መኪና መንዳት የለባቸውም አለ። እትዬ ዘሃራ አፌን ያያሉ። ስለ መነጽር፣ ስለ ጠብታ፣ “ለጊዜው” ስለሚለው ቃል አሰብኩ። ሁሉም ምላሴ ላይ ነበሩ።

“ከዛሬ ጀምሮ አይነዱም ይላል” አልኩ። “ዓይንዎ ተጎድቷል። የተጎዳው አይመለስም ይላል።”

“ድገሚልኝ።”

ደገምኩት። የኮሮላውን ቁልፍ ከቦርሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡና፣ “ለአባትሽ ደውይለት፣ መጥቶ ይውሰደን” አሉኝ።

በዓመቱ ልጃቸው ዘንድ ወደ ሌላ ግዛት ሄዱ። ኮሮላው ተሸጠ። ዛሬ የጎረቤት እናቶች ሐኪም ቤት አብሬያቸው እንድገባ ሲለምኑኝ፣ በር ላይ አስቀድሜ፣ “የሚለውን ነው የምነግርዎት፣ ክፉም ቢሆን” እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። እትዬ ዘሃራ መኪና መንዳት ያቆሙት፣ የእኛም ቅዳሜዎች ያበቁት በጥቅምት ወር መጀመሪያ ሳምንት፣ በአንድ ማክሰኞ ነው።