ከሮቤ ጎባ በእግር፣ ስለ ማሂና ስለ ፎዚያ

ልጄ ማሂ ጠዋት ጠዋት ማስመለስ ስትጀምር ስድስት ዓመቷ ነበር። ካስመለሳት በኋላ ደህና ትሆናለች፤ እየሳቀች ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት አብራኝ ትሄዳለች። የሆድ ትል ነው ተባለ፤ መድኃኒት ዋጠች። ቀጥሎ አንገቷን ወደ ግራ ማዘንበል አመጣች። አንድ ቀን ደብተሯን ላንሳ ብላ በጎኗ ወደቀች። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስካሁን ይቆጨኛል።

አዲስ አበባ ወሰድናት። ኤምአርአይ ተነሳች። ዕጢ ነው። ከአንጎሏ በስተኋላ፣ ሰውነት ሚዛኑን በሚጠብቅበት በሴሬቤለም ላይ። ቀዶ ጥገናው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ስትነቃ አልተናገረችም። ጣቴን ያዘች። በቃኝ።

ሐኪሟ የባዮፕሲውን፣ ማለትም ከዕጢው የተወሰደውን ናሙና ምርመራ ውጤት ይዛ መጣች። «ብዙ የማናየው ዓይነት ነው። የጨረር ሕክምና እንሰጣታለን። ግን አልዋሽሽም፤ ስለዚህ ዕጢ የተጠናው ጥቂት ነው። በእኛ አገር ልጆች ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።»

ከእኛው ሮቤ ወዲያ ከጎሮ የመጡትን ገበሬ ኦቦ ጀማልን የተዋወቅኋቸው የጨረር ተራ ስንጠብቅ ነው። የልጃቸው የፎዚያ ሕመም ከማሂ ጋር አንድ ነበር። ሁለቱ ፀጉር የሌለው ራሳቸውን አጋጥመው ይሳሳቁ ነበር። ማሂ ተሻላት። ፎዚያ ሞተች።

ሮቤ ተመልሰን፣ ማሂ መጀመሪያ ግድግዳ፣ ከዚያ ቀሚሴን እየያዘች መራመድን እንደ አዲስ ስትማር ከርማ፣ እግሯ ሲጠና ይዣት ጎሮ ለልቅሶ ሄድኩ። የዳነች ልጅ ይዞ እዚያ ቤት መግባት ከብዶኝ ነበር። ኦቦ ጀማል ግን ብድግ ብለው አቀፏትና በኦሮምኛም በአማርኛም መረቋት። የዕጢ ናሙናዎችን አስቀምጦ ለማጥናት ሆስፒታሉን ገንዘብ እንደቸገረው ሐኪሟ የነገረችኝን አነሳሁላቸው።

«ሃዳ ማሂ፣» አሉኝ፣ የማሂ እናት ማለታቸው ነው፤ «ለፎዚያ አልደረሰም። ለሌላው ይድረስ። እኛው ወላጆቹ እንጀምረው።»

ጀመርነው። ልጆቻቸው እንደኛ የታመሙባቸው ቤተሰቦች ከሩቁ ብድሬ ሳይቀር መጡና፣ መምህሩም ነጋዴውም ተማሪውም ተከትሎን ለጥናቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ከሮቤ ጎባ በእግር ሄድን። ጎባ ላይ አንድ ሙክት ለጨረታ ቀረበ፤ የገዛው ሁሉ መልሶ ለጨረታው ስለሰጠ ሦስት ጊዜ ተሸጠ። ማሂ መንገድ ላይ ደክሟት ስለነበር ኦቦ ጀማል በትከሻቸው ተሸክመዋት ነው የገቡት። ላወርዳት እጄን ብዘረጋ፣ «ተያት፤ ትከሻዬ ይህን ክብደት ናፍቆት ነበር» አሉኝ።

ዛሬ በተዋጣው ገንዘብ ናሙናዎቹ መቀመጥ ጀምረዋል። ማሂም በየስድስት ወሩ ምርመራ አላት፤ ውጤቱ እስኪነገረን እፈራለሁ። ለሐኪሞቿ፣ አብረውን ለተራመዱት፣ ከሁሉ በላይ ለኦቦ ጀማል ምስጋናዬ አያልቅም።

እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ጠዋት ጠዋት ራሱን እያመመው ካስመለሰው፣ ከተንገዳገደ፣ አንገቱን ካዘነበለ፣ በትል መድኃኒት ብቻ አትመለሱ፤ አንጎሉ ይታይልን በሉ። ናሙናው ለጥናት ይቀመጥ ወይ ብለው ሲጠይቋችሁ አስረዱን በሉ፤ ካመናችሁበት ፍቀዱ። ብቻችሁን የቀራችሁ ከመሰላችሁ ደግሞ ሮቤ ኑ። ቤታችን ጠባብ ናት፤ አልጋ ግን አናጣም።