ለእንግዳ የሚነሣው እግር

ቦንጋ በመምህርነት ስመደብ የተከራየሁት አንዲት ክፍል ነበር፤ የደረሰኝ ግን ክፍሏና የአከራዬ ሁለት እግሮች ናቸው።

አከራዬ ከማንኪራና ከቢታ ገነት ማር እየሰበሰቡ የሚነግዱ፣ ቁመታቸው የበር ጉበን የሚነካ፣ ወግ አጥባቂ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች ቀስ በቀስ እየከሰሙ የሚሄዱበት ሕመም ይዟቸዋል። የሕመሙን ስም ያወቁት ጅማ ድረስ ሄደው ነው፤ እንደማይድንም እዚያው ተነግሯቸዋል። እጃቸው እየዛለ ሲሄድ እግራቸው ደግሞ በተቃራኒው ይገተር ጀመር። ብርድ ሲነካው ወይም በር ድንገት ሲከፈት ቀጥ ይልና ይንቀጠቀጣል። ሕመሙ ባይድንም ግትርነቱን ማላላት ይቻላል ተባለ፤ ጠዋትና ማታ ጡንቻ የሚያላላ ክኒን፣ በየማለዳው ደግሞ እግሩን ቀስ እያሉ መሳብና ማጠፍ።

መሳቡ ለእኔ ደረሰ። ባለቤታቸውን እትዬን ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ልጃቸው አባቴን አሳምመዋለሁ ብላ ትፈራለች፤ እኔ ደግሞ ደወል እስኪደወል ሥራ ፈት ነኝ። አሳሳቡን ያሠለጠነኝ የጤና ባለሙያ «ከቸኮልክበት ይጣላሃል፣ ዝግ ካልክለት ይታረቅሃል» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ክፍል ረፈደብኝ ብዬ የተጣደፍኩ ቀን ያ እግር ደረቴን ብሎ ከግድግዳው ጋር ያላትመኛል። ጋሼ ከእኔ ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ነው፤ እግራቸውን የሚሰድቡት ግን በካፍኛ። «ምን አሉት?» ስላቸው «ለመምህር አይነገርም» ይሉኛል። ጊዜው ግምገማ የበዛበት ስለነበር ከስብሰባ በተመለስኩ ቁጥር «ና እስቲ ይኼንንም ገምግመው፤ ግለ ሒስ አላደርግም ብሏል» ይሉ ነበር።

ጋሼን ከሕመሙ ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ነበር፤ ተቀምጠው እንግዳ መቀበል። ሰው ሲገባ «ኖር» ብሎ መነሣት፣ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ማስቀመጥ የሁላችንም ወግ ነው። እሳቸው ግን ደብተር ሊያስረክቡ ለሚመጡ ተማሪዎቼ ሳይቀር ይነሡ ነበር። የወንበሩን መደገፊያ በክንዳቸው ተጭነው፣ የተገተረውን እግር እንደ ምሰሶ ተክለው ይቆማሉ። ይቀመጡ ብዬ ብለምን አይሰሙኝም።

ያን ዓመት ልጃቸውን ለትዳር የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ቅዳሜ እንደሚመጡ ተሰማ። ልጅቱ ልጁን ትወደዋለች፤ ጋሼም ሊድሯት ፈቅደዋል። ጭንቀታቸው ሌላ ነበር።

«ሽማግሌ ፊት እግሬ ቢንቀጠቀጥ ፈራ ይሉኛል።»

«እንግዲያው አይነሡ።»

«ቁጭ ብዬ ከተቀበልኳቸውማ ልጄን ከለከልኩ ማለት አይደለም?»

ቅዳሜ ማለዳ እግራቸውን ስስብ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እጠፍ ሲሉት ይታጠፋል፣ ተዘርጋ ሲሉት ይዘረጋል። «ዛሬስ ልብ ገዝቷል» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። የማታውን ክኒን ከጠዋቱ ጋር ደርበው መዋጣቸውን ያወቅነው በኋላ ነው።

ሽማግሌዎቹ ዝናብ ያራሰውን ዣንጥላቸውን ደጅ ጥለው ገቡ። ጋሼ «ኖር» አሉ፤ መደገፊያውን ተጫኑ፣ እግራቸውን ተከሉ። እግሩ እንደ ራሰ ጨርቅ እጥፍ አለ። ደግመው ሞከሩ፤ ያው ነው። ለካስ ያ ሲያሠቃያቸው የኖረ ግትርነት የሚቆሙበት ምርኩዝም ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በዕድሜ የሚበልጡት ፊታቸውን ወደ በሩ መለስ ሲያደርጉ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ የልጅቱ ትንፋሽ ሲቆረጥ ሰማሁ።

«አባቶቼ» አሉ ጋሼ፣ ላብ እያጠመቃቸው። «እግሬ ክኒን ወስዶ ሰክሯል። እኔ ግን ቆሜያለሁ።»

ትልቁ ሽማግሌ የተቀመጡትን ሰውዬ ከእግር እስከ ራስ ተመለከቱና «በእግዜር፤ ይቀመጡ» አሏቸው። ከዚያ በኋላማ ሳቁ፣ ጠጁ፣ ምርቃቱ ሆነ። ሠርጉም ለፋሲካ ተደገሰ።

ባለሙያው ነገሩን ሲሰማ ጋሼን ገሠጻቸውና ክኒኑን ቀነሰው። «ለመቆሚያ የሚሆነውን ያህል ግትርነት እንተውላቸው» አለ። እኔም ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ሥራዬን የምጀምረው «ዛሬ እንግዳ አለብን?» ብዬ በመጠየቅ ሆነ።

በኋላ ዝውውር ደርሶኝ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ጎጃም ተመለስኩ። ለክረምት ዕረፍት ልጠይቃቸው ስመጣ እትዬ በረንዳው ላይ ያዙኝ። «አይነሡም፣ ድምፃቸውም ሄዷል፤ እንዳይከፋህ» አሉኝ። መክፋቱንስ መንገድ ላይ ጨርሼው ነበር የመጣሁት።

በሩን ገፋ ሳደርገው ሲጥ አለ። ከብርድ ልብሱ ሥር የጋሼ ግራ እግር ቀጥ ብሎ ተነሣና ይንቀጠቀጥ ጀመር። የበሩ ድምፅ ያስደነገጠው ነርቭ መሆኑን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዓይናቸውን ሳይ ግን ይስቁ ነበር።

«በእግዜር ጋሼ፤ ይቀመጡ» አልኩና ጉልበታቸውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሳልቸኩል፣ ቀስ አድርጌ አጠፍኩት።