ለጋሼ ሰይድ ያልነገርኩት ሥራ

የመጀመሪያ ቀኔ ሚያዝያ ውስጥ ነበር፤ ኦስሎ ከተማ፣ ጋምለ ኦስሎ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ መናፈሻ ውስጥ። ፎርማኑ ሮልፍ የአጥር መቀስ፣ ሁለት ካስማና አንድ ጥቅል ሲባጎ ሰጠኝና «ይሄን የተክል አጥር አስተካክል» ብሎኝ ሄደ። እኔ ሲባጎውን ትቼ በዓይን ግምት ቆረጥኩ። ለዚች ደግሞ ገመድ ምን ያደርጋል ብዬ! ሮልፍ ሲመለስ አጥሩ እንደ ግመል ጀርባ ጎብጦ ጠበቀው። አልተቆጣም። ካስማዎቹን ተከለ፣ ሲባጎውን ወጠረና «ከዚህ በታች አትውረድ፣ ከዚህ በላይ አትተው» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ደሴ ደወልኩ። ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሰይድ ናቸው። አባታችን ሲሞት ትምህርታቸውን አቋርጠው ጨርቅ ሱቅ ገቡና እኔን አስተማሩኝ። «ሥራ አገኘህ?» አሉኝ። «አገኘሁ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ውስጥ ነው» አልኩ። ቢሮ! እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላህ ይወቀው። «አልሐምዱሊላህ፣ ልፋቴ ከንቱ አልቀረም» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።

ሥራውን ግን ወደድኩት። ሦስት በጋ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ፤ የሙያ ፈተናውን ሳልፍ ቋሚ ሆንኩ፤ ኋላም የቡድን መሪ። አጥር ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ተደርጎ እንደሚቆረጥ ተማርኩ፤ አለዚያ የታችኛው ቅጠል ብርሃን አጥቶ ይራገፋል። ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው ከመሄዴ በፊት መቀሱን በአልኮል እጠርጋለሁ። ይሄን ያልጠረገ ልጅ ከእኔ ቡድን ጋር ሰላም አይውልም ነበር። ለደሴ የምልከው ፎቶ ግን ሁሌም በሱፍ ልብስ ነው። ሱፉ የሠርጌ ነው።

ባለፈው ሰኔ፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ ጋሼ ሰይድ ኦስሎ፣ አመሩድ ሰፈር ያለው ቤታችን ድረስ ሊጠይቁን መጡ። ልጄ ሒክማ «ፓሪስን እናሳያቸው» አለች፤ አንዱን ቀን ለቬርሳይ ቤተ መንግሥት መደብን። ሒክማ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች ናት። በዚያ ዓመት የአትክልተኝነት ትምህርት ለመጀመር አመልክታ ነበር፤ እኔን አይታ ነው። ከመነሳታችን በፊት ኩሽና ውስጥ ለብቻዋ አገኘኋት።

«ስለ ሥራዬ አደራ፣ እንዳታነሺ።»

«ናይ፣ አይሆንም አባዬ! ለምን?»

«ያዝኑብኛል።»

«እኔስ?» ብላኝ ወጣች።

ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ወርቁንም መስታወቱንም አየን። ባለቤቴ ዘይነባ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች አንገቷን አመማት። እኔ በመስኮት ግቢውን ነበር የማየው። ወደ አትክልቱ ስንወርድማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያን ሁሉ አጥር እንዲህ ቀጥ ያደረገ እጅ ይባረክ! አንድ ጥግ ላይ ግን ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል። ትል ይሆን ብዬ፣ ሳላስበው የተከለለበትን ገመድ ተሻግሬ ተንበረከክሁና ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ ማድረግ ጀመርኩ። ጠባቂው ፊሽካውን ነፋ።

«ምን ነካህ ከማል? በሰው ግቢ!» አሉ ጋሼ።

«ትል ይዞት እንደሆን ልይ ብዬ ነው።»

«አንተ ስለ ትል ምን ታውቃለህ?»

«ቢሮ... ወረቀቱ በእኔ በኩል ያልፋል» አልኩ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ እንደዚያች የምታስጠላኝ የለችም። ሒክማ ፊቷን አዞረች።

ፏፏቴው አጠገብ ተቀመጥን። ዘይነባ የያዘችውን ሳምቡሳ አወጣች። ጋሼ ወደ ሒክማ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ፣ ምን ልትማሪ አሰብሽ?»

«የአባዬን ሥራ።»

«ማሻአላህ! ቢሮ ልትገቢ ነዋ!»

ሒክማ እኔን አየችኝና ጠበቀች። አሁንም ከዋሸሁ፣ በእሷም እንደማፍር ፊት ለፊት ልነግራት ነው። ፈራሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ቢሮ የለኝም» አልኩ። «አትክልተኛ ነኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አትክልተኛ ነኝ።»

ጋሼ የያዙትን ሳምቡሳ ሶፍት ላይ አስቀመጡ።

«ሥራው ሐራም ነው?»

«ኧረ አይደለም!»

«ታዲያ እኔን ምን ዓይነት ሰው አድርገህ ብታየኝ ነው? ጨርቅ በክንዴ እየለካሁ ያሳደግሁህ ሰውዬ፣ አፈር ነካህ ብዬ ላፍርብህ?»

ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ሒክማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ክንዴን ያዘችኝ።

ወደ ፓሪስ በሚመልሰን ባቡር ላይ ጋሼ ስልካቸውን አወጡና ደሴ ደወሉ። መጀመሪያ ለሱቅ ጎረቤታቸው፣ ቀጥለው ለአክስታችን፣ ቀጥለው መስጊድ አብሯቸው ለሚሰግድ ወዳጃቸው። ለሁሉም ያሉት አንድ ነው። «ከማል ቢሮ ነው የሚሠራው ብዬ ነበር። አይደለም፣ አትክልተኛ ነው። የተሳሳተ ነገር ነግሬያችኋለሁና አውፍ በሉኝ።» የዋሸሁት እኔ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው! ራሴ ልንገራቸው ብዬ ስልኩን እንዲሰጡኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ» አሉኝ፤ «ገና አልጨረስኩም።»

ዘንድሮ ሥራ ለምትጀምሩ ይህን እላለሁ፦ የሥራችሁን ስም በመጀመሪያው ሳምንት ለቤተሰባችሁ ንገሩ። እኔ ሃያ አራት ዓመት ቆየሁ፤ በእኔ ፈንታ ያፈሩት ግን ጋሼ ሰይድ ናቸው።